የወላጆቼን ጭቃ ቤት በታሰረ ጭድ ማልበስ ይቻላል? (ሰቃ ጨቆርሳ፣ ጅማ)

የሰቃ ልጅ፦
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ቤተሰቦቼ ሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ እኔ ሥራዬ ጅማ ከተማ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ቤቱ ባለቆርቆሮ የጭቃ ቤት ነው፤ 6 በ5 ሜትር፣ ሁለት ክፍል፣ ኩሽናው ጓሮ ለብቻው። ቋሚውም ማገሩም ባህር ዛፍ። ኮርኒስ የለውም፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ቆርቆሮውን ነው።

ሁለት ነገር አስቸግሮናል። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ እየገረፈው ልስኑ ረግፏል፤ ታች በኩል ማገሩ አግጥጦ ይታያል። ሁለተኛው ሙቀትና ብርዱ ነው። ህዳርና ታህሳስ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይበርዳል፤ እናቴን ደረቷን ያማታል። ከሰዓት ደግሞ ቆርቆሮው ግሎ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። ዝናብ ሲጥልማ መነጋገርም የለም።

ኢንተርኔት ላይ በታሰረ ጭድ ግድግዳ የሚሠሩ ሰዎች አየሁ። ጭዱን ደርድረው በጭቃ ይለስኑታል፤ ብርድም ሙቀትም አያስገባም ይላሉ። ቤቱን ሳላፈርስ በውጭ በኩል እስሩን ዙሪያውን ደርድሬ ብለስነው ይሆናል ወይ? ለብሎኬት አቅሙ የለኝም። ምከሩኝ።

ባለሚኒሶታው፦
ወንድሜ፣ ይሆናል እንጂ! እዚህ አሜሪካ ኔብራስካ የሚባል ግዛት አለ፤ አሸዋማና ዛፍ አልባ ሜዳ። ሰፋሪዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ሲመጣላቸው፣ እንጨት ስላልነበራቸው በጡብ ፋንታ እስሩን እየደረደሩ ቤት ሠሩበት። አርተር በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 በዚህ መንገድ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ፈረንሳይ ሞንታርጂ ውስጥም የ1920 ቤት አለ፤ መቶ ዓመት አልፎታል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ውጭ በረዶ ነው፣ ውስጥ ሹራብ አያስፈልግህም። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ላይ ቁጭ ብለህ ቡና ትጠጣለህ።

እኛ ጭድ ሞልቶን ሳለ ብሎኬት ብሎኬት እንላለን።

ጊቤ ማዶ፦
«ጭድ ሞልቶን» ነው ያልከው? ጋሼ፣ ከአገር ከወጡ ስንት ዘመን ሆነዎት? እስቲ ለዘመድ ደውለው የአንድ ጭነት ጭድ ዋጋ ይጠይቁ። ሃሃ።

መዶሻ፦
አናጢ ነኝ፤ አጋሮና ጎማ አካባቢ ብዙ ጣራ መትቻለሁ። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የቤታችሁ ጣራ ከግድግዳው ስንት ሳንቲም ይወጣል? በየገጠሩ የማየው 30 ወይም 40 ነው፤ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል። ያ የምታየው የጭድ እስር ደግሞ ወርዱ 45 ሳንቲም አካባቢ ነው። በውጭ በኩል ከደረደርከው ከጣራው አልፎ ይወጣል ማለት ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ቀጥታ የሚፈሰው ጭዱ አናት ላይ ነው። ሰኔ ላይ ጀምሮ መስከረም ሳይጠባ ይበሰብስልሃል፤ እሱን ይዞ ደግሞ የድሮውን ግድግዳ ያበሰብሰዋል።

የግድግዳህ በሽታ ብርድ አይደለም፣ ውሃ ነው። በሦስት መንገድ ይመጣል። ከላይ በዝናብ ይገረፋል። ከጣራ የወረደው ውሃ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው እግር ይረጫል፤ ማገሩ ታች በኩል ያገጠጠው በዚህ ነው። ሦስተኛው ከመሬት ራሱ ወደ ላይ ይሳባል። ይህን ሳታቆም የጭድ ካፖርት ብታለብሰው፣ ሐር ብታለብሰው፣ ያው ነው።

ጅሬን ወጥተህ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ተመልከት። ያን ሁሉ ዘመን የቆየው እንጨቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ይመስልሃል? በረንዳውን እይ። ጣራው ሰፍቶ ወጥቶ ግድግዳውን ከልሎታል። የድሮ ሰው ይህን ያውቅ ነበር፤ እኛ ቆርቆሮ ሲመጣልን ተውነው።

ስለዚህ በምዕራብ በኩል ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን በረንዳ አውጣ። ባህር ዛፍ ቋሚ፣ ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላይ ቆርቆሮ። በሌላው በኩል አሸንዳ ስቀልና ውሃውን በበርሜል ተቀበለው ወይም በቦይ አርቀህ አስወጣው። የግድግዳውን እግር ከመሬት 40 ወይም 50 ሳንቲም ድረስ በድንጋይ አልብሰው። ከዚያ በኋላ ስለ ጭድ እናወራለን።

የሰቃ ልጅ፦
ጋሼ መዶሻ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜን ደውዬ አስለካሁት፤ 35 ሳንቲም ነው። እስሩ ከጣራው እንደሚያልፍ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

ቋሚዎቹስ? ሁለቱ በምዕራብ በኩል ያሉት በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ።

መዶሻ፦
የሚፈረፈረው መሬት ውስጥ የተቀበረው ጫፉና ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ያህሉ ነው፤ ከዚያ በላይ ደህና ሊሆን ይችላል። በመጥረቢያ ጀርባ እየመታህ ወደ ላይ ውጣ፤ ድምፁ የት ላይ እንደሚጠራ ስማ። ጣራውን በድጋፍ እንጨት ደግፈህ የበሰበሰውን ቆርጠህ ጣልና ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሲሚንቶ አስቀምጥለት። እንደገና መሬት አትቅበረው። አዲስ ቋሚ መትከል ግድ ከሆነ ወይራ ወይም ጥድ ካገኘህ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ባህር ዛፍ ከሆነ ሥሩን በእሳት ለብለብ አድርገህ የተቃጠለ ዘይት ቀባው።

የበሬ ጌታ፦
የጭዱን ነገር እኔ ልናገር፤ ግብርና ላይ ነው የምሠራው። 6 በ5 ቤት ዙሪያው 22 ሜትር ነው። ቁመቱን 2.4 እንበል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 47 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ አለ። አንድ እስር 90 ሳንቲም በ35 ቢሆን 150 እስር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 17 ኪሎ ቢመዝን ሁሉም ወደ 25 ኩንታል ጭድ ነው።

አንድ 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። እንግዲህ ቁጠሩት፤ 25 ኩንታል ማለት የአንድ ጥማድ በሬ የሰባት ወር ቀለብ ነው። የጤፍ ጭድ ደግሞ ከገለባ ሁሉ ለከብት የሚስማማው ነው። ኔብራስካ ላይ ጭድ ከማሽን ኋላ የሚቀር ትራፊ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን በጋ ላይ ሳር ሲደርቅ በሬ ከሞት የሚተርፍበት ነው። በሬህን አስርበህ ግድግዳህን ከምታጠግብ ብርዱን ብትችለው ይሻላል።

የስንዴና የገብስ ገለባ ወደ ደጋው፣ ወደ ዴዶ በኩል፣ ታገኛለህ፤ ከብት እንደ ጤፍ ጭድ አይጓጓለትም። የበቆሎ አገዳ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ወፍራም ነው፣ ልቡ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ ይሻግታል።

ባለሚኒሶታው፦
ስለ መኖው እሺ፣ ተረታሁ። ግን ዝናብ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በጭድ እስር ለድሆች ትንንሽ ቤት ሠርተዋል፤ ትልቅ ማሽን ሳይኖር እስሩን በእጅ መጫኛ ሳጥን እየጠቀጠቁ ነው ያዘጋጁት። አንዱን ሞዴል ኔቫዳ፣ ሬኖ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. 2009 ላይ በመንቀጥቀጥ ጠረጴዛ ፈትነውታል፤ አልወደቀም። ደሃ አገር አይችልም አትበሉ።

አርክቴክት ልሆን ነው፦
ማንም አይችልም አላለም። እዚሁ ጅማ ነው የምማረው፤ አንዳንድ ቁጥር ላምጣ።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አርተር ላይ ያ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኘው ዝናብ የዚህን ሲሶ ያህል ነው። ጭድ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ውስጥ ውሃው ከ15 በመቶ ማነስ አለበት። ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታው ይጀምራል፣ ከዚያ መበስበሱ። ዝናቡ ባይነካው እንኳ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ፣ አንዴ የረጠበ ጭድ እስከ ጥቅምት የሚደርቅበት ዕድል የለውም። ኔብራስካ ላይ በሳምንት የሚደርቀው እዚህ ወራት ይፈጃል።

በሌላ በኩል ጭድ የሚሰጠው ጥቅም እውነት ነው። ሙቀት በደረቅ ጭድ ውስጥ የሚያልፈው በጭቃ ውስጥ ከሚያልፈው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጭድ የአንድ ሜትር ጭቃ ሥራ ይሠራል።

ግን የት ነው የምናስቀምጠው? የእናትህ ቤት ሌሊት የሚቀዘቅዘው፣ ቀን የሚግለው በየት በኩል ነው? በቆርቆሮው። ጭቃ ግድግዳ ቀስ ብሎ ይሞቃል ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ለጅማ አየር ጥሩ ግድግዳ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ግን ፀሐይዋን በደቂቃ ውስጥ አልጋው ላይ ያደርሳታል፤ ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ሲል የቤቱን ሙቀት መጥጦ ያወጣዋል። የበጋ ሌሊት ከክረምት ሌሊት የሚበርደው በዚህ ነው፤ ደመናው የለም።

30 ካሬ ሜትር ኮርኒስ ላይ 10 ሳንቲም ጭድ ብታነጥፍ 240 ኪሎ ገደማ ይበቃሃል። በበሬ ጌታ ሚዛን የአንድ ጥማድ በሬ የ20 ቀን ቀለብ። ከ25 ኩንታሉ ጋር አስተያየው። የጩኸቱንም ነገር በጣም ያቀልልሃል።

የበሬ ጌታ፦
240 ኪሎውን እኔም እፈቅዳለሁ።

ቡና ተራ፦
ጭዱን ለከብት ትታችሁ የቡና ገለፈት ብትጠቀሙስ? መፈልፈያ ጣቢያው ጋ ተራራ ሆኖ ነው የሚቃጠለው። በነፃ።

ጊቤ ማዶ፦
የተቃጠለውማ ሌላ ጥቅም ስላጡለት ነው።

አርክቴክት ልሆን ነው፦
ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን የቡና ገለፈት ስኳር አለው። ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ይፈላል፣ ይሻግታል፣ ነፍሳት ይሰበስባል። ጭድ ረጅም ዘንግ ስለሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ አየር ይይዛል፤ ገለፈት ግን እየሰመጠ ይጠቀጠቃል፣ በየቀዳዳው እንጀራ ላይ ይረግፋል። ማሳ ላይ አልብሰው።

የዴዶዋ፦
እስካሁን ወንዶቹ ብቻ ናችሁ የተናገራችሁት፤ ልስን የሚለስነው ግን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያ ምዕራባዊ ግድግዳ መፍረስ አያስፈልገውም። ጋሼ መዶሻ እንዳሉት በረንዳው ይውጣ፣ እግሩ በድንጋይ ይታሰር፣ ከዚያ እንዲህ ይደረግ።

አፈሩን ምረጥ። የሰቃ ቀይ አፈር ለምርጊት ጥሩ ነው። ጥቁር ዋልካ እንዳትነካ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። የላይኛውን ጥቁር አፈር ግፈህ ጣል፤ ሥርና ቅጠል አለበት፣ ምስጥ ይጠራል። ከታች ያለውን ንጹሕ ቀይ አፈር አውጣ። በጣም ከተጣበቀ አሸዋ ጨምርበት። ስንት እንደሆነ ሰው አይነግርህም፤ ሦስት አራት ዓይነት አድርገህ ግድግዳው ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያክል ለጥፍና ሲደርቅ እየው። ያልተሰነጠቀውና በጥፍር ስትቧጥጠው ያልረገፈው ያ ነው ያንተ ልክ።

ጉድጓድ ቆፍረህ አፈሩን፣ ውሃውንና ጭዱን አስገባ። በእግር ይረገጣል። ከዚያ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ እንደ ሊጥ ይቡካ። ጭዱ ለስልሶ ጭቃው እስኪሸትህ ድረስ አትንካው፤ በየቀኑ ግን እየረገጥክ ውሃ ጨምርለት። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ተረግጦ ነገ የተመረገ ጭቃ በዓመቱ ይወርዳል። ያልቦካ ጭቃና የቦካ ጭቃ እጅ ላይ ስትይዘው ራሱ ይለያል፤ የቦካው ይለጠጣል፣ ከእጅህ አይላቀቅም።

ለመሙያው ጭድ አብዛበት። ለላዩ ልስን ጭዱን አጭር አድርገህ ክተፈው። የእንሰት ቃጫ ካለ ጣት ጣት አድርጌ ቆርጬ እኔ እጨምርበታለሁ፤ በተለይ በመስኮትና በበር ጥግ፣ መሰንጠቅ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ። አሮጌውን ግድግዳ ልቅ ልቁን አራግፈህ፣ በውሃ አርጥበህ፣ በጣትህ ቧጭረህ ነው አዲሱን የምትመታው። በደረቅ ግድግዳ ላይ ብትለጥፈው ውሃውን ይጠጣበትና ይላቀቃል። የመጀመሪያው ይድረቅ፤ ይሰንጠቅ ግድ የለም። ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። መጨረሻ ላይ እበትና የተነፋ ቀይ አፈር በእጅ። እበቱ ትኩስ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ሲሚንቶ አትለስንበት። ከተማ አጠገብ ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን በሲሚንቶ አሳምሮ በሁለት ክረምት እንደ ቅርፊት ሲወርድ አያለሁ። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አብሮ አይሰፋም አብሮ አይጠብም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው መውጫ ያጣል፣ ከኋላው ጭቃው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ነጭ ከፈለግህ ኖራ አለልህ፤ ኖራ ያስተነፍሳል።

የሰቃ ልጅ፦
እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ አትሜ ለእናቴ ወስጄ ነው የማነብላት። ትስቃለች፣ ሁሉንም ታውቀዋለችና። ለምን ሲሚንቶ እንዳሰብኩ ግን ትጠይቀኛለች።

የዴዶዋ፦
ሃርሜን፣ እናትህን፣ ሰላም በልልኝ። ጭቃ ረገጣውን እሷ ትምራው፤ አንተ እግርህን ብቻ ይዘህ ሂድ።

ባለሚኒሶታው፦
ታዲያ ግድግዳው ላይ ጭድ ጨርሶ አይገባም ማለት ነው? ልቤ አልተውም አለኝ።

አርክቴክት ልሆን ነው፦
ይገባል ጋሼ፣ በሌላ መንገድ። የአገራችን ግድግዳ በውስጥም በውጭም ማገር አለው፤ መሃሉን በጭቃ ነው የምንሞላው። ያንን መሃል ሙሉ በሙሉ በጭቃ ከመሙላት ይልቅ፣ ቀጭን የሸክላ ጭቃ ውሃ የነካው ጭድ ብትጠቀጥቅበት ግድግዳው ይቀላል፣ ሙቀትም ይይዛል። ጀርመኖች ይህን አሠራር ያውቁታል። ጭዱ በጭቃ ስለተቀባ ለእሳትም ለአይጥም አይመችም። የበሰበሰው ማገር ሲነሳ ክፍት የሚሆነውን የምዕራቡን ግድግዳ ክፍል እንዲህ መሙላት ይቻላል። ብቻ ልስኑን ከማልበስህ በፊት ለሳምንታት ተከፍቶ መድረቅ አለበት፤ ጥር ላይ ይደርቃል፣ ሐምሌ ላይ ይበቅላል። ቀልዴን አይደለም፤ ፍሬ የቀረበት ጭድ ከግድግዳ ላይ ጤፍ ያበቅላል።

የጭዱን ድርቀት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። 1 ኪሎ መዝነህ ምድጃ አጠገብ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቀው። ተመልሶ ሲመዘን 870 ግራም ከሆነ 13 በመቶ ውሃ ነበረው፤ ጥሩ ነው። 800 ከሆነ ወደ ፀሐይ መልሰው።

ምስጥ ጠላቴ፦
ይህ ሁሉ ወሬ ምስጥን ረስቷል። እኛ ዘንድ ምስጥ የበላውን ቤት እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው? ኮርኒስ ላይ ጭድ? ግብዣ ነው!

መዶሻ፦
ምስጥ የሚወጣው ከመሬት ነው፤ ፀሐይና ደረቅ አየር ስለማይወድ የጭቃ መተላለፊያ እየሠራ ነው የሚሄደው። የድንጋዩ እግር ጥቅሙ እዚህም ላይ ነው። ድንጋዩን አትለስነው፤ ራቁቱን ተወው። ምስጡ ከመጣ መንገዱን በድንጋዩ ላይ መሥራት ግድ ይለዋል፣ አንተም ታየዋለህ። በየሳምንቱ አንዴ ዞረህ በቢላ ብትጠርገው ይበቃል። ልስኑን እስከ መሬት ካወረድከው ግን ከኋላው ሲወጣ የምታውቀው ጣራው ሲያጎነብስ ነው። የማገዶ ክምር ከግድግዳው አርቅ። አጠገብ ኩይሳ ካለ ቆፍረህ ንግሥቲቱን ካላወጣህ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ኮርኒስ፦
ስሜን ያየ ሥራዬን ያውቃል። የጭድ ኮርኒስ ሁለት ቤት ሠርቼ አይቻለሁና ልጨምር።

ተሸካሚውን ከግድግዳ ግድግዳ በየ60 ሳንቲሙ ዘርጋ። በ5 ሜትሩ አቅጣጫ መሃል ላይ የክፍሉ ግድግዳ እንዲደግፈው አድርግ። በላዩ ፍልጥ ቀርከሃ ወይም ቀጭን ባህር ዛፍ ጠበቅ አድርገህ ደርድር። ከታች ለውበት ማዳበሪያ ከረጢት ስትወጥር፣ ውስጡ ላስቲክ ካለው ላስቲኩን አውጣ፤ የሰው ትንፋሽ እዚያ ላይ ተሰብስቦ ጭዱን ከታች ያረጥበዋል።

ጭዱን በደንብ አበጥረህ፣ ፍሬ ሳይቀርበት፣ 10 ሳንቲም አንጥፍ። በላዩ የተነፋ ቀይ አፈር በውሃ አቅጥነህ በመጥረጊያ ርጭ፤ ግማሽ ሳንቲም የምታክል ቅርፊት ትበቃለች። የእሳት ብልጭታ አያነሳውም፣ አቧራውም ይይዛል። አብዛኛው ሰው ግን ጭቃው ከወፈረ ይሻላል ብሎ ሁለት ሳንቲም ይደፋበታል፤ ያ ለ30 ካሬ ከ9 ኩንታል በላይ ነው፤ ተሸካሚው ይጎብጣል። ቀጭን!

ከቆርቆሮው ጋር ፈጽሞ እንዳይነካካ። ንጋት ላይ ቆርቆሮ ከውስጥ ያልበዋል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ እንኳ አንድ ስንዝር ክፍት አየር ይኑር፤ በሁለቱ ሦስት ማዕዘን ጫፍ ላይ ቀዳዳ ትተህ በወንፊት ሽቦ ዝጋው፤ ነፋስ ይገባል፣ ወፍና አይጥ አይገባም። ጭዱን ከማንጠፍህ በፊት አንድ ዝናብ ይዝነብና የሚያፈስ የምስማር ቀዳዳ ካለ ፈልግ። አንድ ሰው የሚያስገባ በር ተውለት፤ እየወጣህ ካላየኸው አታውቀውም።

መብራት ካላችሁ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ጭዱ ውስጥ መገጣጠሚያ አይኑር። በቆሎ ደግሞ እዚያ ላይ አታስቀምጡ። አይጥን የሚያመጣው ጭዱ አይደለም፣ እህሉ ነው።

ጊቤ ማዶ፦
ኮርኒስ ሲሠራ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ቆርቆሮ ብቻ ያለበት ቤት በየቀዳዳው ይተነፍሳል። ኮርኒስ ገብቶ ግድግዳው ተለስኖ ሲጠብቅ፣ እናትህ እንደ ለመደችው ለብርዱ ከሰል አስገብታ በር ዘግታ ብትተኛ አደጋ ነው። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ እንቅልፍ ላይ ይገድላል። ቡናው ከተፈላ በኋላ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ከመስኮቱ በላይ የማትዘጋ ትንሽ የአየር መግቢያም ትኑር። ደረቷን ያማታል ያልከው ለብርዱ ብቻ አይመስለኝም፤ ኩሽናውም ጭስ ማውጫ ይፈልጋል። ሐኪምም ትይ።

የሰቃ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ ከሰል ታስገባለች። ነግሬአት እንቢ ብላለች፤ አሁን ምክንያት አገኘሁ። ጤና ጣቢያም በዚህ ሳምንት እወስዳታለሁ።

እንግዲህ የያዝኩት ይህን ነው። ከጥቅምት በኋላ በረንዳውና የድንጋዩ እግር፤ ህዳር ጤፍ ሲወቃ የኮርኒሱን ጭድ ከአጎቴ አውድማ እገዛለሁ፤ ታህሳስና ጥር ምርጊቱና ኮርኒሱ። ለጭቃ ረገጣው የመንደሩን ልጆች ዳዶ፣ የጉልበት ብድር፣ እጠራለሁ፤ እኔም የእነሱን ቡና ለቅሜ እከፍላለሁ። የጭድ እስሩን ሐሳብ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ባለሚኒሶታው፦
አዲስ ቤት ስትሠራ ትመለስበታለህ። መሠረቱ ከፍ ያለ፣ በረንዳው ዙሪያውን የሆነ። የስንዴ ገለባ ከደጋ። የማሰሪያ ሳጥኑን ስዕል እኔ እልክልሃለሁ።

የበሬ ጌታ፦
ያኔም 25 ኩንታሉን እቆጥራለሁ።

ምስጥ ጠላቴ፦
የምዕራቡ ግድግዳ እስከ ጥቅምት ይቆያል ግን? ገና ክረምቱ ከፊታችን ነው።

መዶሻ፦
ይቆያል፤ ግን አይጠበቅም ዝም ብሎ። ልጄ፣ በዚህ ቅዳሜ ስትሄድ በምዕራብ በኩል ከጣራው ጠርዝ በታች ሁለት ስንዝር የሚያህል ቦይ ቆፍር፤ ወደ ቁልቁለቱ ይፍሰስ። ጠጠር አስገባበት፤ ጠብታው ጠጠር ላይ ሲያርፍ አይረጭም። ግድግዳው ላይ ላስቲክ አትለጥፍ፣ ከጀርባው ይረጥባል። ከጣራው ጠርዝ ላይ ሰንበሌጥ ወይም አሮጌ ሰሌን እንደ መጋረጃ ስቀልለት፤ ዝናቡን ይመልሳል፣ አየር ያሳልፋል። የተፈረፈሩትን ሁለት ቋሚዎች ግን ክረምት ሳይገባ በውስጥ በኩል ደግፋቸው። እነሱ ጥቅምት አይጠብቁም።

የሰቃ ልጅ፦
አደርገዋለሁ። ለበረንዳው ቆርቆሮ ባለ 35 ጌጅ ረከስ ያለ አለ፤ ይበቃል?

መዶሻ፦
አይበቃም፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35ቱን ልጆች ኳስ ሲያነሱበት ይጎደጉዳል፣ በነፋስም ይገነጠላል። 32 ውሰድ፣ አቅም ካለህ 28። ምስማሩን ከነላስቲክ ቆቡ በአናቱ ሞገድ ላይ ምታው፣ በሸለቆው አይደለም።